ኢንዴክስ ከዳታው ይቅደም ወይስ ይከተል?

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣

በግራፍ ዳታቤዝ (መረጃን እንደ ነጥቦችና በመካከላቸው እንዳሉ ግንኙነቶች በሚያስቀምጥ ዳታቤዝ) ሥራ ደጋግሞ የሚያከራክር ጥያቄ አለ፦ ኢንዴክስ (ዳታን ቶሎ ለማግኘት የሚረዳ ማውጫ) ከዳታው ይቅደም ወይስ ይከተል? መልሱ እንደ አጫጫኑ ይለያያል። ኒዮ4ጄ የተባለውን ግራፍ ዳታቤዝ ይዘን እንየው።

ሰርቨሩ እየሠራ በሎድ ሲኤስቪ (የሲኤስቪ ፋይልን መስመር በመስመር በሚያነብ ትእዛዝ) የምትጭኑ ከሆነ ኢንዴክሱ ይቅደም። የሚሻለው በመለያ ቁጥሩ ላይ ዩኒክ ኮንስትሬይንት (አንድ መለያ እንዳይደገም የሚከለክል ደንብ) መፍጠር ነው፤ ኢንዴክሱን ይዞ ይመጣል። መርጅ የሚባለው ትእዛዝ ኖድ (በግራፉ ያለ አንድ ነጥብ፣ ለምሳሌ አንድ ደንበኛ) ከመፍጠሩ በፊት መኖር አለመኖሩን ያጣራል። ኢንዴክስ ካላገኘ ያንን ሌብል (የኖዱን ዓይነት የሚገልጽ ስያሜ) የያዙትን ኖዶች አንድ በአንድ ያስሳል። 100,000 የተለያዩ ደንበኞች ሲገቡ፣ እያንዳንዱ አዲስ ደንበኛ ቀድመው ከገቡት ሁሉ ጋር ስለሚነጻጸር፣ ፍተሻው ወደ 5 ቢሊዮን ይጠጋል። ሲጀምር የሚፈጥን፣ እየቆየ የሚንቀራፈፍ ጭነት ካጋጠማችሁ ሜሞሪ ከመጨመራችሁ በፊት ይህን እዩ።

ኖዶችን በአንድ ዙር፣ ሪሌሽንሺፖችን (በኖዶች መካከል ያሉ ግንኙነቶችን) በሌላ ዙር ጫኑ። በሁለተኛው ዙር ሁለቱን ጫፎች ያለውን ብቻ በሚፈልገው ትእዛዝ፣ በማች ፈልጉ፤ መርጅ ለሪሌሽንሺፑ ብቻ ይሁን። ሁሉንም በአንድ መርጅ ከጻፋችሁት፣ ሪሌሽንሺፑ ስለጎደለ ብቻ ኖዶቹንም እንደ አዲስ ሊፈጥር ይነሳል። ኮንስትሬይንት ካለ ስህተት ይሰጣል፤ ከሌለ ዝም ብሎ ያባዛል። ሎድ ሲኤስቪ ሁሉን ነገር እንደ ጽሑፍ ያነባል። መለያውን በአንዱ ዙር ወደ ቁጥር ቀይራችሁ በሌላው ከረሳችሁ ማች ምንም አያገኝም። የስህተት መልእክት የለም፤ የተፈጠረው ሪሌሽንሺፕ ግን ዜሮ ነው። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው፣ ምክንያቱም ሥራው የተሳካ ይመስላል።

ትልቅ ፋይል በትራንዛክሽን (አብረው በሚጸድቁ የሥራ ክፍሎች) ይከፋፈል፤ መጠኑን ካልነገራችሁት በየ1,000 መስመሩ ነው። የአሠራር ዕቅዱን በሚያሳየው ኤክስፕሌን ስታዩት ኢገር የሚል ኦፕሬተር (የዕቅዱ አንድ እርምጃ) ከወጣ ግን መስመሮቹን ሜሞሪ ውስጥ ያከማቻል፤ መከፋፈሉም ከንቱ ይሆናል።

በመቶ ሚሊዮን ለሚቆጠር ዳታ የአድሚን ኢምፖርት (የኒዮ4ጄ የጅምላ መጫኛ መሣሪያ) ይሻላል። ሙሉ ጭነቱ ባዶ ዳታቤዝ ይፈልጋል፤ ትራንዛክሽን ሳያልፍ በቀጥታ የዳታቤዙን ፋይሎች ይጽፋል። ኖዶቹን የሚያገናኘው በሲኤስቪው ራስጌ በተሰጡት መለያዎች ስለሆነ ኢንዴክስ አያስፈልገውም። እዚህ ኢንዴክሱ ይከተል።

የስም ፍለጋ ካለባችሁ ዓይነቱን ምረጡ፦ ሬንጅ ኢንዴክስ ስሙ በምን እንደሚጀምር ለመፈለግ ያገለግላል፤ መሃል ላይ ያለን ቃል ለመፈለግ ቴክስት ኢንዴክስ ያስፈልጋል። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለሁለቱም የተለያዩ ናቸው፤ ፊደሉን ከመጫናችሁ በፊት አስተካክሉ።

ከዚያም በሾው ኢንዴክስስ ትእዛዝ የኢንዴክሱን ሁኔታ ተመልከቱ። «ፖፑሌቲንግ» (እየተሞላ ነው) እያለ የኳሪን (ለዳታቤዙ የሚቀርብን ጥያቄ) ፍጥነት አትለኩ፤ «ኦንላይን» (ዝግጁ ነው) እስኪል ጠብቁ።