ትጥቅ አልፈታም ያለው ፈረሰኛ

[ምስል፦ የፖላንድ ካርታ፤ ከምሥራቅም ከምዕራብም እየተቆረሰ ሲጠብ]

ዘመኑ 1793 ነው፤ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሩሲያና ፕሩሲያ ፖላንድን ለሁለተኛ ጊዜ ተቃረጧት። በቀረችው ቁራሽ አገር ላይም ዋርሶ የተቀመጠው የሩሲያ ጄኔራል ኢገልስትሮም አዛዥ ናዛዥ ሆነ። ቀጥሎ የመጣው ትእዛዝ የፖላንድ ጦር በግማሽ ያህል ይቀነስ የሚል ነበር።

[ድምፅ፦ የፈረስ ኮቴ]

ትእዛዙ ከዋርሶ በስተሰሜን፣ ኦስትሮወንካ ለሰፈረ አንድ ፈረሰኛ ብርጌድም ደረሰ። አዛዡ አንቶኒ ማዳሊንስኪ ዕድሜው ወደ 55 ይጠጋል፤ ከሩሲያ ጋር ገና በባር ኮንፌዴሬሽን፣ ማለትም የፖላንድ መኳንንት የሩሲያን ጣልቃ ገብነት ተቃውመው ባመፁበት ዘመን ተዋግቷል። ብርጌዱ የሚጠራው በታላቋ ፖላንድ ስም ነው። ልብ በሉልኝ፤ ታላቋ ፖላንድ ማለት ፕሩሲያ በዚያው በ1793 የወሰደችው የምዕራቡ ክፍለ አገር ነው። ሰዎቹ ስሙን የተሸከሙለት ምድር በጠላት እጅ ገብቷል፤ አሁን ደግሞ ተበተኑ ተባሉ።

ማርች 12 ቀን 1794 ማዳሊንስኪ አልበተንም አለ። ከ1,000 በላይ ፈረሰኞች አስከትሎ ተነሣ። በመንገዱ ያገኛቸውን የፕሩሲያ ኬላዎች መታ፣ ቪስዋ ወንዝን ተሻገረ፣ ወደ ደቡብ ወደ ክራኮቭ ገሰገሰ።

[ምስል፦ ከኦስትሮወንካ እስከ ክራኮቭ የሚወርድ ቀይ መስመር]

በዚያን ጊዜ የፖላንዱ ጄኔራል ታዴዎሽ ኮሽቹሽኮ በስደት ሆኖ ሕዝባዊ አመፅ ያሰናዳ ነበር። ዝግጅቱ አልሞላ ብሎ ቀኑ ሲገፋ ቆይቷል። የማዳሊንስኪ ፈረሶች ከተነሡ በኋላ ግን ቀን መቁረጫ ጊዜ አልነበረም። ክራኮቭ የነበረው የሩሲያ ጦርም ይህን እምቢተኛ ለማሳደድ ከተማዋን ለቆ ወጣ። ኮሽቹሽኮ ጠባቂ ወዳጣችው ከተማ ገባና ማርች 24 በአደባባይ ቃለ መሐላ ፈጸመ። የአመፁ ልደት ተብሎ የሚከበረው ያ ቀን ነው። እኔ ግን አመፁ የተወለደው ከ12 ቀን በፊት፣ ኦስትሮወንካ ላይ ነው እላለሁ። መሪ ሳይጠራው፣ ደጀን ሳይኖረው፣ አንድ ሽማግሌ ፈረሰኛ ኮርቻው ላይ ወጥቶ ነው የጀመረው።

ኤፕሪል 4 ራትስዋቪትሰ በተባለች መንደር በተደረገው ውጊያ ማዳሊንስኪም ተሰልፎ ነበር። ረጅም ማጭድ የታጠቁ ገበሬዎች የሩሲያን መድፍ የማረኩበት፣ ፖላንዶች እስከ ዛሬ የሚኮሩበት ድል ነው።

[ምስል፦ የመፀው ሜዳ፣ ወደ ምዕራብ የሚጋልብ ሠራዊት]

በነሐሴ ማለትም በኦገስት ታላቋ ፖላንድ ራሷ በፕሩሲያ ላይ ተነሣች። ለርዳታ የዘመተውን ጦር የመራው ዶምብሮቭስኪ ነው፤ ዛሬ በብሔራዊ መዝሙራቸው ስሙ የሚጠራው። ማዳሊንስኪ በ16 ዓመት በሚያንሰው በዚህ ሰው ሥር አብሮት ዘመተ። ኦክቶበር 2 የቢድጎሽችን ከተማ ያዙ። ብርጌዱ በስም ብቻ ይዞት የቆየው ምድር፣ ለጥቂት ሳምንታት እንኳ ቢሆን፣ ከፈረሶቹ ኮቴ ሥር ገባ።

ከስምንት ቀን በኋላ ኮሽቹሽኮ ቆስሎ ተማረከ፤ አመፁም ወደቀ። ማዳሊንስኪ ፕሩሲያ ውስጥ ታሰረ። በ1795 ጎረቤቶቿ የቀረችውን ፖላንድ ተከፋፈሉ፤ እሱ ሲሞት በስሟ የምትጠራ አገር በካርታ ላይ አልነበረችም።

[ምስል፦ ባዶ ኮርቻ]