በብሎካችን ግድግዳ ላይ የታየው የሴንት ሉዊስ ሰፈር

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። በዛሬው ዝግጅት ላወራችሁ የፈለግሁት በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ግቢ ነዋሪው ከየቤቱ ወንበርና ዱካ ይዞ ወጥቶ ስላየው ፊልም ነው። ስለ ከተማና ስለ ሕንፃ የተሠሩ ዘጋቢ ፊልሞች በአብዛኛው የሚታዩት የሙያው ሰዎች በሚሰበሰቡበት አዳራሽ ውስጥ ነው፤ እኛ ግን ፕሮጀክተር ተውሰን መስኮት በሌለው የብሎኩ የጎን ግድግዳ ላይ አበራነው። ምስሉ ጥርት ብሎ አልታየም፤ ከጣራ የሚወርደው የዝናብ ውኃ በግድግዳው ላይ የሠራው ጥቁር መስመር ፊልሙን እስከ መጨረሻው ለሁለት ከፍሎት ነበር።

የመረጥነው ቻድ ፍሪድሪክስ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣውን፣ በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ ስለነበረው ስለ ፕሩት አይጎ የሚተርከውን ፊልም ነው። ፕሩት አይጎ እያንዳንዳቸው 11 ፎቅ ያላቸው 33 ሕንፃዎች የቆሙበት፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ ተሠርቶ ያለቀ የመንግሥት የኪራይ ቤቶች ሰፈር ሲሆን፣ ንድፉን ያወጣው ኋላ የኒው ዮርክን መንትያ ሕንፃዎች የነደፈው ሚኖሩ ያማሳኪ ነበር። ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በ1972፣ በፈንጂ መፍረስ ጀመረ፤ ከዚያ በኋላም ብዙ የሥነ ሕንፃ ጸሐፊዎች ጥፋቱን በንድፉ ላይ አላከኩ። ፊልሙ የሚሞግተው ይህንን ነው።

ፊልሙ በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ሥነ ሕንፃ የሚማር የብሎካችን ልጅ ማይክሮፎን ይዞ እያስቆመ በአማርኛ ያስረዳ ነበር። ሊፍቶቹ ተበላሽተው መተላለፊያዎቹ መስታወት አልባ ሆነው የሚታዩበት ቦታ ላይ ሲደርስ፣ ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ ሊፍቱ ሲበላሽ የሚያሠራው ማነው?»

«የጥገናው ገንዘብ ከኪራዩ ነበር የሚወጣው፣ እማማ። ተከራዩ እየለቀቀ ሲሄድ ገንዘቡም አብሮ ሄደ።»

«ታዲያ ሕንፃው ምን አጠፋ?»

ልጁ ሳቀ እንጂ አልመለሰም፤ ፊልሙ ሊናገር የፈለገውን እሳቸው ቀድመው ጨርሰውት ነበርና። የግንባታውን ወጪ መንግሥት ሸፈነ፣ ጥገናውን ግን ለድሃ ተከራይ ተወው። በ1950 ከ850 ሺህ በላይ ሕዝብ የነበራት ከተማ በ1970 ወደ 620 ሺህ ገደማ ስትወርድ ቤቶቹ ባዶ ቀሩ፣ ኪራዩ አነሰ፣ ሊፍቱም እንደቆመ ቀረ። በአዳራሽ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ሁሉ ስለ ያማሳኪ ይሆን ነበር ብዬ እገምታለሁ። በግቢያችን ግን ከዚያ በኋላ የተነሣው ነገር ሁሉ ስለ ገንዘብ ነበር፤ ይህም በየወሩ ለጥበቃና ለጽዳት እያዋጣ ከሚኖር ሰው የሚጠበቅ ነው።

ልዩነት መኖሩን አልክድም። እነሱ የመንግሥት ተከራዮች ነበሩ፣ እኛ ስለ ጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት በወጣው አዋጅ ቁጥር 370/1995 (ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር) መሠረት ባለቤቶች ነን፤ ደረጃውን፣ ጣራውንና ግቢውን የሚያስተዳድረውም የባለቤቶች ማኅበር ነው። ይሁን እንጂ በእኛ ብሎክ ብዙው ባለቤት ቤቱን አከራይቶ ሌላ ቦታ ስለሚኖር፣ በየቀኑ በደረጃው የሚወጣውና የሚወርደው ተከራይ ድምፅ የለውም፣ ድምፅ ያለው ደግሞ ደረጃውን አያየውም።

በጣም የነካኝ ግን ሌላ ነው። ያማሳኪ በየሦስተኛው ፎቅ ሰፊ መተላለፊያ ያደረገው ልጆች እንዲጫወቱበት፣ ጎረቤት እንዲገናኝበት አስቦ ነበር። የኮንዶሚኒየም ነዳፊዎችም ፎቅ ቤት ውስጥ በግ እንደማይታረድ፣ እንጀራም በብዛት እንደማይጋገር ተረድተው ለእርድ፣ ለመጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያ ብለው ኮሚናሉን ሠሩልን፤ እንደ እኔ እምነት በመላው ዕቅድ ውስጥ የአገሩን ኑሮ ከምር ያሰበው ክፍል እሱ ነው። የእኛ ኮሚናል ዛሬ የተከራየ መጋዘን ሲሆን፣ ለቅሶ ሲደርስ ድንኳኑ የሚተከለው መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። የዚያን ምሽት ፊልሙን ካየንበት ግድግዳ ፊት ለፊት ባለው፣ በተቆለፈው የኮሚናሉ በር ላይ ተደግፈው ያዩ ሰዎችም ነበሩ።

አስተርጓሚያችን ግን ፊልሙ ነዳፊውን በቀላሉ ለቀቀው ብሎ ተከራከረ። ሊፍቱ የሚቆመው በ1ኛ፣ በ4ኛ፣ በ7ኛና በ10ኛ ፎቅ ብቻ ነበር፤ ይህ ደግሞ ለቁጠባ ተብሎ በወረቀት ላይ የተወሰነ ነው፤ ሕፃን ያዘለች እናት ቀሪውን በደረጃ እንድትጨርስ የፈረደባት የጥገና ጉድለት አልነበረም። እኔም በዚህ እስማማለሁ። እማማ ግን አልተስማሙም፤ ሊፍት በሌለው በእኛ ብሎክ አራተኛ ፎቅ ድረስ በእግራቸው ስለሚወጡ፣ አንድ ፎቅ መውጣትና መውረድ ሰፈር አያፈርስም ባይ ናቸው። ክርክሩ ፕሮጀክተሩ ከተነቀለ በኋላም ቀጠለ፤ የማኅበሩ ሰብሳቢ የኮሚናሉ ኪራይ ለምን እንደሚውል ተጠይቀው በሚቀጥለው ስብሰባ ሒሳቡን እንደሚያቀርቡ ቃል የገቡትም ያን ጊዜ ነው።