ኤጀንት የሚያገኘው ልጃችሁ ስታገኝ ነው

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ትወና የምትወዱ ልጆቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ!

እዚህ ሎስ አንጀለስ ከፌርፋክስ ተነስቶ ሆሊውድ ለመድረስ ብዙ አይነዳም። የተዋናይ ኤጀንሲ እንዴት እንደሚሠራ ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። ባለማወቃችን የሚያተርፉ ሰዎች አሉ። ዛሬ እዚህ ያቆመኝም ይኸው ነው።

የኤጀንት ሥራ ባጭሩ ድለላ ነው። ፊልም ሠሪዎች ተዋናይ ሲፈልጉ ካስቲንግ ዳይሬክተር ይቀጥራሉ። እሱ የገጸ ባሕርያቱን ዝርዝር ለኤጀንቶች ይልካል። ኤጀንቱም ይሆናሉ ያላቸውን ተዋንያን ፎቶና የሥራ ልምድ ያቀርባል። የተመረጠው ለኦዲሽን፣ ማለትም ለትወና ፈተና፣ ይጠራል፤ ወይም ቤቱ ሆኖ ራሱን ቀርጾ እንዲልክ ይነገረዋል። ሥራው ከተገኘ በዋጋና በውል የሚደራደረው ኤጀንቱ ነው።

ክፍያውስ? የቤት ደላላ ቤቱ ሳይከራይ ኮሚሽን አይጠይቅም። ኤጀንትም እንዲሁ። የተዋንያኑ ማኅበር ሳግ-አፍትራ በሚሸፍናቸው ሥራዎች ድርሻው በተለምዶ 10 በመቶ ነው። ክፍያው በኤጀንሲው በኩል ከመጣ፣ የካሊፎርኒያ ሕግ ኮሚሽኑን ቀንሶ ቀሪውን በ30 ቀን ውስጥ ለተዋናዩ እንዲያስረክብ ያስገድደዋል።

እንግዲህ አንድ ሰው ሞል ውስጥ አስቁሞ «ልጃችሁ ለቲቪ የተፈጠረች ናት» ቢላችሁስ? ቀጥሎ የመመዝገቢያ፣ የፎቶ፣ የሥልጠና እያለ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ቢጠይቃችሁስ? እባካችሁ ቦርሳችሁን ዘግታችሁ ሂዱ! ኦዲሽንና ሥራ አገኝላችኋለሁ ብሎ ቅድሚያ ገንዘብ መቀበል በካሊፎርኒያ ከ2010 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው። በሌሊት ፈረቃ የተጠራቀመ ገንዘብ እንዲህ ሲበላ ማየት ያንገበግበኛል።

ፎቶም ትምህርትም ወጪ አለው፣ እውነት ነው። ግን ፎቶ አንሺውንም አስተማሪውንም የምትመርጡት እናንተ ናችሁ።

ማኔጀር ሌላ ነው። ያማክራል፣ መንገድ ያሳያል። ያለ ፈቃድ በራሱ ሥራ ማፈላለግ ግን አይፈቀድለትም።

ትንንሽ ልጆች ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉልኝ። ጃኪ ኩገን ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር ሠርቶ በልጅነቱ ዓለም ያወቀው ተዋናይ ነበር። አድጎ ገንዘቡን ሲጠይቅ እናቱና የእንጀራ አባቱ አብዛኛውን ጨርሰውት አገኘ። ፍርድ ቤት ወሰዳቸው። በ1939 በስሙ የሚጠራው ሕግ ወጣ። ዛሬ በካሊፎርኒያ ልጁ ከሚያገኘው 15 በመቶው እስኪያድግ በማይነካ ሒሳብ ይቀመጣል። እኛ ቤት የልጅና የወላጅ ገንዘብ አንድ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ሊከብደን ይችላል። እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ። የሠራችው ልጅቷ ናት።

አንድ የመጨረሻ ነገር። እዚህ ስቴት ኤጀንሲ የሚባል ሁሉ ከሠራተኛ ኮሚሽነሩ ቢሮ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ስሙን በቢሮው ድረ ገጽ መፈለግ ትችላላችሁ። ውል የቀረበላችሁ ካላችሁ ሳትፈርሙ አምጡት፤ ከዚህ በኋላ እዚሁ ቁጭ ብለን አብረን እናነበዋለን።