መንገዱን በስንት ሰዓት አየኸው?

የተከበራችሁ ተጓዦች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ወደ ሩቅ ተራራ ልትወጡ ስትሉ መጀመሪያ የምትጠይቁት “መንገዱ እንዴት ነው?” ብላችሁ ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ግን ይቀረዋል። “መቼ አየኸው? በስንት ሰዓት?” ብላችሁ ጨምሩበት። ቀንና ሰዓት የሌለው መረጃ እዚያ ላይ ብዙም አይጠቅማችሁም።

በጋ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ደረቅ መንገድ ነው። ከፍታ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። ታች በቲሸርት የጀመረ ሰው፣ ላይ ሲደርስ ፀሐይ በማያገኘው በኩል ያልቀለጠ በረዶ ሊጠብቀው ይችላል። ያ በረዶ ማለዳ ጠጥሮ ያንሸራትታል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይላላና እግር ይውጣል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ወንዙ ነው። ፀሐይ ቀን ያቀለጠችው በረዶ ውሃ ሆኖ ሸለቆው የሚደርሰው ከሰዓት በኋላና አመሻሹ ላይ ነው። ጠዋት ከጉልበት በታች የነበረ ውሃ ማታ ወገብ ሊደርስ ይችላል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚገፋችሁ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ዳር ቆማችሁ አድምጡ። ከውሃው ጩኸት ሥር ድብ ድብ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ፣ ወንዙ ድንጋይ እያንከባለለ ነው። አትግቡ።

የምትሻገሩ ከሆነ ሰፋ ያለውን ቦታ ምረጡ፤ ብዙ ጊዜ ጥልቀቱ ያንሳል። ከታች በኩል ፏፏቴ ወይም የወደቀ ግንድ ካለ ቦታ ቀይሩ። ግንድ ውሃውን ያሳልፋል፤ ሰውን ግን ይዞ ያስቀራል። የቦርሳችሁን የወገብና የደረት ማሰሪያ ፍቱ፤ ከወደቃችሁ ቶሎ መጣል አለባችሁ። ፊታችሁን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሩ። ዱላችሁን ትከሉ፤ አንዱ እግር ሳይደላደል ሌላውን አታንሱ። ጫማዬ እንዳይረጥብ ብሎ በባዶ እግሩ የሚገባም አለ። እባካችሁ ተዉት። እዚያ ሩቅ ቦታ እግሩ ቢሰበር ማን ይሸከመዋል?

ውሃው ካላማራችሁ እዚያው እደሩ። ሌሊት በረዶው መቅለጡን ስለሚቀንስ ጠዋት ወንዙ ይጎድላል። ማደር ሽንፈት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን የጎበዝ ተጓዥ ውሳኔ ነው እላለሁ።

ስለ መብረቅ በአጭሩ ልናገር። በበጋ ተራራ ላይ ነጎድጓድ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ነው። ከቀትር በፊት ከገላጣው አናት ውረዱ። ነጎድጓድ ከተሰማችሁ መብረቁም ሊደርስባችሁ ይችላል። የመጨረሻው ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ላይ አትመለሱ።

ጊዜያችሁንም በልክ አስሉ። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይላል። ይህ ግን ለደህና መንገድ ነው። ራቅ ያለ ዱር ውስጥ ንፋስ የጣለውን ዛፍ ቶሎ የሚያነሳ የለም። በላይ መውጣት፣ በታች መሹለክ፣ ዞሮ መንገዱን መፈለግ ጊዜ ይበላል። ስለዚህ የአንድ ቀን ትርፍ ምግብ ያዙ።

ስልክ በማይሠራበት ቦታ ስለምትሆኑ፣ የምትመለሱበትን ቀን ለአንድ ሰው ንገሩ። ከዚያ ምን ያህል ከዘገያችሁ ርዳታ እንደሚጠራም ከወዲሁ ተስማሙ።

አመሰግናለሁ። አሁን ካርታውን ዘርግተን የወንዝ መሻገሪያዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።