የሰው ወርቅ፣ የሰው መጽሐፍ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። የማናግራችሁ ከጅማ ነው። ከድምፄ ጀርባ የሚሰማችሁ ነገር የመቅጃው ብልሽት ሳይሆን በቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው፤ በዚህ ከተማ ዝናቡ እስኪያባራ ልጠብቅ የሚል ሰው በዓመት የሚሠራቸው ዝግጅቶች በጣት የሚቆጠሩ ስለሚሆኑ፣ ዛሬ አብሮን እንዲቆይ ፈቅጄለታለሁ።

ባለፈው ቅዳሜም እንዲሁ እየዘነበ ከሄርማታ በባጃጅ ተሳፍሬ ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩ። በጉያዬ፣ በሁለት ፌስታል የተጠቀለለና የመመለሻ ቀኑ ሁለት ቀን ያለፈበት ልብ ወለድ ይዤ ነበር። እኔ በስብሼ፣ መጽሐፉ ግን ደረቅ እንደሆነ ደረስን። በውሰት ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጡት፣ ሁላችንም "ጋሼ" ብቻ ብለን የምንጠራቸው አዛውንት፣ በመጀመሪያ መጽሐፉን ተቀብለው የገጾቹን ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱ፤ ቀና ብለው እኔን ያዩኝ ከዚያ በኋላ ነው። "እሱ ደኅና ነው፤ አንቺስ ደኅና ነሽ ልጄ?" አሉኝ። ቅደም ተከተሉን ወደድኩት። ቀጥለው፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ "አንድ ተማሪ ለዚህ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ መጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ" ሲሉኝ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር።

በመልሱ መንገድ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ቆየ። ቤቴ ውስጥ በገዛ ገንዘቤ የገዛኋቸው መጻሕፍት አሉ፤ አንዳንዶቹ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጡ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል፤ ገና የመግቢያውን ገጽ እንኳ አልተሻገርኩም። የተዋስኩትን መጽሐፍ ግን፣ እንደዚህኛው ሁለት ቀን ባሳልፍ እንኳ፣ ሳልጨርስ መልሼ አላውቅም። አበው "የሰው ወርቅ አያደምቅ" ይላሉ። ነገሩ ስለ ጌጥ ከሆነ አልከራከርም፤ የጎረቤቷን ቀሚስ ለብሳ ሠርግ የሄደች ሴት ወጥ እንዳይንጠባጠብባት ስትጠነቀቅ እስክስታው ያመልጣታል። ስለ መጽሐፍና ስለ ፊልም ሲሆን ግን፣ በእኔ ሕይወት፣ ያደመቀኝ ሁልጊዜ የሰው ወርቅ ነው።

አንደኛው ምክንያት ቀላል ስለሆነ ቶሎ ልለፈው፤ የራስ የሆነ ነገር ይጠብቃል፣ የውሰት ነገር አይጠብቅም። ስልኬ ውስጥ ከቴሌግራም የወረዱ፣ ገጻቸው በፎቶ የተነሣ መጻሕፍት ተከማችተዋል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ሃያ ዓመት ቢያልፈውም፣ ደራሲው ከእነዚህ ቅጂዎች አንዲት ሳንቲም እንደማያገኝ እያወቅሁ ማውረዴን አልካድኩም። የሚገርመው ግን፣ ሰርቄም እንኳ አላነበብኳቸውም። ቤተ መጻሕፍቱ ቢያንስ አንድ ቅጂ ገዝቷል፤ በዚያም ላይ የመመለሻ ቀን በማኅተም መትቶ ነው የሚሰጠኝ።

ሁለተኛውን ምክንያት ለመናገር ወደ ልጅነቴ መመለስ አለብኝ። ያኔ መጽሐፍ ወደ ቤት ይዞ መሄድ የሚቻለው ተያዥ ላመጣ ሰው ነበር፤ ለእኔ ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ተያዥ ልሁን የሚል የመንግሥት ሠራተኛ ከየት ይምጣ? ስለዚህ ቦርሳዬን በር ላይ ትቼ፣ የተማሪ መታወቂያዬን አስይዤ፣ እዚያው አዳራሽ ውስጥ እስኪዘጋ አነብ ነበር። ደወሉ ሲደወል ታሪኩ የትም ይድረስ፣ መጽሐፉ ይመለሳል። ሌሊቱን ባለታሪኮቹ በተዘጋ ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ ይሆን እያልኩ መተኛቴን አስታውሳለሁ። ትልቁ ሥጋቴ ግን በማግሥቱ ሌላ ሰው ቀድሞኝ እንዳይወስደው ነበር፤ እናም እነሆ ኑዛዜዬ፦ መጽሐፉን እደብቀው ነበር።

የቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ፣ እንደምታውቁት፣ በቁጥር ነው የሚመራው። አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ባሳተመው አከፋፈል፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ቦታው 892.87 ነው፤ እኔ ግን ልብ ወለዴን ወስጄ 633.73 ላይ፣ ማለትም ስለ ቡና አመራረት ከሚናገሩት መጻሕፍት ኋላ እሸጉጠዋለሁ። ልብ ወለድ ፈላጊ ቡና መደርደሪያ ጋ ምን ሊሠራ ይሄዳል የሚል ስሌት ነበረኝ። ስሌቱ አንድ ነገር ብቻ ዘንግቷል፤ የምኖረው ጅማ ነው። በ1992 ዓ.ም. ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋህዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የግብርና ኮሌጅ ባለበት ከተማ፣ ከማንኛውም መደርደሪያ ይልቅ የሚፈተሸው የቡናው ነው። በሦስተኛው ቀን ስመለስ መጽሐፌ የለም። የግብርና ተማሪ የሚመስል አንድ ጎረምሳ ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱ ላይ የተዘረጋውን የቡና በሽታ መጽሐፍ ረስቶ፣ የእኔን ልብ ወለድ ያነባል። እየተናደድኩ ለረጅም ጊዜ ተመለከትኩት፤ ከዚያ የደረሰበትን ገጽ ከሩቅ ሳሰላው ከእኔ ወደ ኋላ እንደቀረ ገባኝና፣ ሳላውቀው፣ ቀጥሎ ስለሚደርስበት ነገር አዘንኩለት። መጽሐፍ ብቻዬን እንደማላነብ የተረዳሁት በዚያን ቀን ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ የምዋሰውን መጽሐፍ ስከፍት መጀመሪያ የምፈልገው ከእኔ በፊት ያለፉትን ሰዎች ነው። የስኒ ክብ ምልክት ያረፈበት ገጽ፣ የታጠፈ ጥግ፣ በእርሳስ የተጻፈ "ውሸታም!" የሚል ቃል፣ በገጾች መካከል የደረቀች የጽጌረዳ ቅጠል፣ የአውቶቡስ ትኬት። መጽሐፍ ላይ መጻፍ ክልክል እንደሆነ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ማስታወቂያውን ደግፌ እናገራለሁ፤ በልቤ ግን የሚጥሱትን አመሰግናለሁ።

ከሁሉም የማልረሳው ቀይ እስክሪብቶ የያዘውን አንባቢ ነው። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ከአጻጻፉ ጡረታ የወጣ መምህር ይመስለኛል። አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ውስጥ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የፊደል ስሕተቶችን ሁሉ አርሟል። ደራሲው "ጸሐይ" ብሎ ከሆነ ይሰርዝና "ፀሐይ" ይላል፤ "ንጉስ" ያለውን "ንጉሥ"፣ "ሰርግ" ያለውን "ሠርግ" ያደርጋል። አንዳንድ ገጽ ከቀይ የተነሣ ፈንጣጣ የወጣበት ይመስላል። መጀመሪያ አናደደኝ፤ ዐይኔ ከታሪኩ ይልቅ እርማቱን እየተከተለ አስቸገረኝ። ወደ ሁለት መቶኛው ገጽ ስጠጋ ግን ቀዩ እየሳሳ ሄደ። በአንድ ምዕራፍ ሦስት እርማት፣ በቀጣዩ አንድ፣ ከዚያ ምንም። ስሕተቱ አላለቀም፤ "ሰርግ"ም "ንጉስ"ም እንዳሉ ናቸው። ያለቀው የሰውዬው ትዕግሥት ነው፤ ታሪኩ ማርኮ ወስዶታል፣ እስክሪብቶውንም ረስቶታል። ስለዚያ ልብ ወለድ ብዙ ሂስ አንብቤያለሁ፤ ከዚያ የቀለም መድረቅ የበለጠ ምስጋና ግን አላየሁም። ይህ ዝግጅት በጽሑፍ ሲወጣም ቀይ እስክሪብቶውን አሹሎ እንደሚጠብቀኝ አልጠራጠርም።

የተዋሱት መጽሐፍ ቤት ሲገባ ደግሞ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አይቀርም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን "ፍቅር እስከ መቃብር" በመጨረሻ ተያዥ አግኝቼ ወደ ቤት ያመጣሁት ጊዜ፣ እናቴ ሽፋኑን አይታ "ይህንንማ አውቀዋለሁ" አለችኝ። መጽሐፉን በእጇ ይዛው አታውቅም፤ የምታውቀው በጆሮዋ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሰምታ። እስቲ አንብቢልኝ አለችኝና ጀመርኩ። ሁለት ገጽ ሳልሄድ አስቆመችኝ፤ "ጉዱ ካሣ እንዲህ አይናገርም" አለች። ወጋየሁ የሰጠው ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ስላለ፣ የእኔ ንባብ ለእሷ የተሳሳተ ቅጂ ነበር። ሌሊት ሌሊት እሷ ድምፁን እያረመች፣ እኔ እያነበብኩ፣ ታላቅ ወንድሜ የማይሰማ መስሎ ግድግዳውን ዞሮ ተኝቶ እየሰማ፣ በ14 ቀን ውስጥ ሳንጨርስ ቀረንና አሳደስኩት። አሁን ሳስበው፣ ያ የሬዲዮ ንባብም ውሰት ነው፤ መጽሐፍ ለመግዛት ለማይችል፣ ወይም ፊደል ላልቆጠረ ሰው ሁሉ፣ አገር በሙሉ በአንድ ጊዜ የተዋሰው።

ወደ ፊልሙ ልምጣ። እኛ ፊልም የምንዋሰው ከቤተ መጻሕፍት ሳይሆን ከሠፈር ቪዲዮ ቤት ነበር፤ በእርግጥ በኪራይ ነው፣ መታወቂያ አስይዞ። የቪሲዲ ዘመን ነው። አንድ ቪሲዲ የሚይዘው 74 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ፣ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ የሕንድ ፊልም በሦስት ዲስክ ተከፋፍሎ ይመጣል። ወንድሜና እኔ ከዕለታት አንድ ቀን ሁለቱን ዲስክ በእንባ አይተን ሦስተኛውን ብናስገባ፣ ማጫወቻው ተንገጫግጮ ቆመ። በሸማችን ጠረግነው፣ ተነፈስንበት፣ አንዳንዶች እንደሚሉትም በጥርስ ሳሙና አሸነው፤ አልሆነም። ጠዋት ሊመለስ ነው፤ ዘግይቶ መመለስ ሌላ ሒሳብ አለው። ወንድሜ ሳቄንም ልቅሶዬንም አይቶ፣ የቀረውን ታሪክ ከራሱ ፈጥሮ ተረከልኝ፤ የጠፋው ልጅ ተገኘ፣ እናቱ ዐይኗ በራ፣ ሠርግ ተደገሰ። ለብዙ ዓመታት ያ ፊልም ለእኔ እንደዚያ ነበር ያለቀው።

ቪዲዮ ቤቶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ከእነርሱ የአንዱ ባለቤት የቀሩትን ዲስኮች በካርቶን ሞልቶ ለቤተ መጻሕፍቱ ሰጠ፤ ጋሼ መዝገብ ቁጥር እየሰጡ በመሳቢያ ደረደሯቸው፤ አሁን ለሦስት ቀን ያውሳሉ። አምና መሳቢያውን ስበረብር ያንን የሕንድ ፊልም አገኘሁት፤ ሦስቱም ዲስክ ሳይጫር። ማታ እናቴና ጎረቤቶቻችን ተሰበሰቡ፤ ዲስክ ማጫወቻ ያለው ቤት ጥቂት ስለቀረ፣ ፊልም ስዋስ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለችውን የጅማ በርጩማቸውን ይዘው መምጣት ልማድ አድርገዋል፤ ቡናም ይፈላል። ፊልሙ ሲያልቅ ልጁ አልተገኘም። እናትየዋም አላየችም። ሐዋሳ ለሚኖረው ወንድሜ እዚያው ደውዬ እውነተኛውን ፍጻሜ ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ፣ "የእኔ ይሻላል፤ መልሺው" አለኝ።

በስልክ ፊልም ሳይ እንዲህ አይቼ አላውቅም። በስልክ ሃያ ደቂቃ አይቼ ወደ ሌላው እዘላለሁ፤ ካልጣመኝ የሚጠብቀኝ ሺህ ነው። ሦስት ቀን የተሰጠው ዲስክ ግን፣ ባይጥምም፣ ጎረቤት እስከ ተቀመጠ ድረስ እስከ መጨረሻው ይታያል፤ ስንቱን ፊልም ከመካከሉ በኋላ ነው የወደድኩት!

ስለ መመለስ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በድሮ የብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ "ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ" ብሎ የሚጀምር ግዝት ይገኛል፤ መጽሐፉን የሰረቀና የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ይላል። በሙስሊሙም ዘንድ ወቅፍ የሆነ፣ ማለትም ለአላህ ተብሎ ለሕዝብ ጥቅም የተሰጠ፣ ኪታብ አይሸጥም፣ በስጦታ አይሰጥም፣ አይወረስም፤ ለሚያነበው ሁሉ የቆመ ነው። ጅማ ሁለቱንም የሚያውቅ ከተማ ነው። አንድ ጊዜ ጋሼን፣ ላልመለሰ ሰው ግዝቱን ለምን ሽፋኑ ላይ አያትሙትም ብዬ ቀልጄባቸው ነበር። እርሳቸው ግን አልሳቁም። "እኔ የምለው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ እላለሁ። ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለውም የሌለውም ይህን ሲሰማ ይመልሳል" አሉኝ። ቅዳሜ ዕለት ይህንኑ ቃል በእኔው ላይ ተናገሩት።

ሰኞ ማለዳ፣ ሌላ ጉዳይ እንዳለው ሰው መስዬ፣ ተመልሼ ሄድኩ። ልብ ወለዱ ከመደርደሪያው ላይ የለም። ጋሼ ሳልጠይቃቸው "ወሰደው" አሉ፣ ዐይናቸውን ከመዝገቡ ሳያነሡ። የተማሪውን ፊት አላየሁም። ገጽ 112 ላይ፣ ክልክል መሆኑን እያወቅሁ፣ በቀጭን እርሳስ ያሰፈርኳት አንዲት የጥያቄ ምልክት ግን አለች፤ ዛሬ ወይም ነገ ይደርስባታል።

በጠረጴዛዬ ላይ ደግሞ ሐሙስ የሚመለስ ዲስክ አለ። መብራት ከመጣ ዛሬ ማታ እናየዋለን፤ ጎረቤቶቼም በርጩማቸውን ከዝናቡ እየከለሉ መምጣት ጀምረዋልና፣ መቅጃውን እዚህ ላይ ላጥፋው።