የሁለት ተቀናቃኞች አንድ ድምፅ

[ምስል፦ ጥቁርና ነጭ ፊልም፤ ተዋናዩ በወንዝ ዳር እየተራመደ ይዘፍናል]

በአገራችን «የህንድ ፊልም» ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው በቦምቤይ በሂንዲ ቋንቋ የተሠራውን ነው። የዛሬው ርዕሳችን ግን ከዚያ ወደ ደቡብ ርቆ፣ ያኔ ማድራስ ዛሬ ቼናይ በምትባለው ከተማ በታሚል ቋንቋ ያደገው ሲኒማ ነው። አሁን የምታዩት ተዋናይ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል እንጂ አይዘፍንም፤ የምትሰሙት ድምፅ የሌላ ሰው ነው። ይህ አሠራር ፕሌይባክ ይባላል።

ታሚል የተሰማበት የመጀመሪያው ባለድምፅ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1931 ሲወጣ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ተዋናይ መሆን የሚችለው ራሱ መዝፈን የሚችል ሰው ብቻ ስለነበረ፣ የዘመኑ ታላቅ ኮከብ ኤም. ኬ. ቲያጋራጃ ባጋቫታርም በካርናቲክ፣ ማለትም በደቡብ ህንድ ጥንታዊ ሙዚቃ የተካነ ድምፃዊ ነበር። ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን ዘፈኑን አስቀድሞ በስቱዲዮ መቅረጽ፣ ከዚያም በቀረጻው ቦታ በድምፅ ማጉያ እያሰሙ ተዋናዩን ማንሳት ቀስ በቀስ ተለመደ።

[ምስል፦ የቀረጻ ስቱዲዮ፤ ቫዮሊን፣ ዋሽንት፣ ታብላ የሚባሉት የህንድ ጥንድ ከበሮዎች]

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። በዚያ ዘመን ድምፃዊውና መላው የሙዚቃ ጓድ በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ ይቀረጹ ስለነበር፣ ከቫዮሊን ተጫዋቾቹ አንዱ ቢሳሳት ሁሉም ከመጀመሪያው ይደግሙት ነበር።

ከድምፃውያኑ ሁሉ እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ በ1922 በማዱራይ የተወለደው ቲ. ኤም. ሳውንዳራራጃን ነው። በ1954 በወጡ ሁለት ፊልሞች በአንዱ ለሲቫጂ ጋኔሳን፣ በሌላው ለኤም. ጂ. ራማቻንድራን ዘፈነ። ሁለቱ ተዋንያን ደጋፊዎቻቸው በአንድ ጥግ የማይቀመጡላቸው ተቀናቃኞች ነበሩ። ሲቫጂ ንግግሩ ከባድ፣ ስሜቱ ገንፍሎ የሚወጣ ሲሆን ራማቻንድራን ደግሞ ፈገግታ የማይለየው ጀግና ነበር። ሳውንዳራራጃን ለመጀመሪያው ድምፁን ከሆዱ አውጥቶ ያወፍረዋል፤ ለሁለተኛው ያጠራዋል፣ ቃላቱንም ሕዝብ ፊት እንደሚናገር ሰው ይለያቸዋል። በመሆኑም ሁለቱ ጎራዎች ለዓመታት የአንድን ሰው ድምፅ ሲያዳምጡ ቢኖሩም፣ እያንዳንዳቸው የሰሙት የራሳቸውን ጀግና ነበር። ከዚህ የሚበልጥ የድምፅ ትወና አላውቅም።

የዚህ ውጤት በሲኒማ አዳራሽ ብቻ አልቀረም። ስለ ድሃው፣ ስለ ሠራተኛውና ስለ ፍትሕ የተዘፈኑት ዘፈኖች ራማቻንድራንን በሕዝብ ዘንድ የተገፉ ሰዎች አለኝታ አድርገው አቆሙት፤ እሱም በ1977 የታሚል ናዱ፣ ማለትም ቼናይ ዋና ከተማዋ የሆነችው የህንድ ክፍለ ግዛት፣ ዋና ሚኒስትር ሆነ፣ ከአጭር ጊዜ መቋረጥ በቀር በ1987 እስከሞተበት ቀን ድረስም መራ። ድሉን ዘፈን ብቻ አመጣው ማለት ስሕተት ይሆናል፤ ሆኖም መራጮቹ የሚወዱት ሰው ከነድምፁ በልባቸው ተቀርጾ እንደነበር መዘንጋት አይገባም።

[ምስል፦ ሃርሞኒየም ላይ ያረፉ እጆች]

እነዚህን ዜማዎች ካበጁት መካከል ኤም. ኤስ. ቪስዋናታንና ቲ. ኬ. ራማሙርቲ እስከ 1965 ድረስ በጥምረት ሠርተዋል። ቪስዋናታን ሃርሞኒየም በሚባለው፣ በአየር ግፊት በሚሠራ ባለቁልፍ የሙዚቃ መሣሪያ ላይ ዜማውን ሲጫወት፣ ገጣሚው ካንናዳሳን በዜማው ልክ ስንኙን እዚያው ይቀኝለት ነበር። የታሚል ሕዝብ የራሱ አድርጎ የሚኮራበትን ይህን ሙዚቃ ከፈጠሩት ብዙዎቹ አፋቸውን በሌላ ቋንቋ የፈቱ መሆናቸውም ሊነገር ይገባል። ቪስዋናታን ማላያላም፣ ሳውንዳራራጃን ሳውራሽትራ፣ ሴት ድምፃውያኑ ፒ. ሱሺላና ኤስ. ጃናኪ ደግሞ ቴሉጉ ተናጋሪዎች ናቸው። ይሁን እንጂ የሱሺላ የታሚል አነጋገር ከጥራቱ የተነሣ ለሌሎች እንደ አብነት ይጠቀስ ነበር።

የህንድ ብሔራዊ የፊልም ሽልማት ከ1968 ፊልሞች ጀምሮ ለሴት ፕሌይባክ ድምፃውያን ዘርፍ ሲከፍት፣ የመጀመሪያዋ ተሸላሚ ይህችው ሱሺላ ሆነች፤ የተሸለመችውም በታሚል በዘፈነችው ዘፈን ነው።