ሰንሰሉን አትንቀሉት

(በዓለም የተሰዳጅ አእዋፍ ቀን፣ ባሕር ዳር ላይ ለተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር)

ውድ ተማሪዎች፣ ወላጆች፣ አብራችሁኝ ያስተማራችሁ ባልደረቦቼ፣ ከየመሥሪያ ቤቱ የመጣችሁ እንግዶች፤ እንደምን አደራችሁ!

አዘጋጆቹ የጠየቁኝ ከሩቅ ስለሚመጡት ወፎች እንድናገር ነው። ቀኑም የእነሱ ነው። ስለዚህ ከእነሱ ልጀምር።

ሰሞኑን ከብት በተሰማራበት መስክ ያለፈ ሰው በላሞቹ እግር ሥር ሽር ሽር የምትል፣ ጅራቷን ከፍ ዝቅ የምታደርግ፣ ሆዷ ቢጫ የሆነ ትንሽ ወፍ ማየቱ አይቀርም። ክብደቷ 20 ግራም አይሞላም። ከአውሮፓና ከእስያ ነው የምትመጣው። በረሃ አቋርጣ እዚህ ደርሳ፣ ላሟ በተራመደች ቁጥር ከሣሩ ብድግ የሚለውን ዝንብ ለቀም ታደርጋለች። ቆየት ብለው ደግሞ ክሬኖቹ ይገባሉ። ረጃጅም እግርና ረጅም አንገት ያላቸው ግራጫ ወፎች ናቸው። ፊንላንድና ኢስቶኒያ ውስጥ መከታተያ ታስሮላቸው የተለቀቁ ክሬኖች ኢትዮጵያ ድረስ መጥተው ከርመዋል። ጣና ዙሪያ የሚከርሙት ቀን ቀን ከታጨደ ማሳ የረገፈ እህል ሲለቅሙ ይውላሉ፤ ማታ ውሃ ዳር ቆመው ያድራሉ። የጣና ዙሪያ በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ዘንድ የባዮስፌር ክልል፣ ማለትም ተፈጥሮው ከነዋሪው ኑሮ ጋር አብሮ የሚጠበቅበት ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። ረግረጉ ከደረቀ ግን መዝገቡ ለወፎቹ ማደሪያ አይሆንም።

ስለ እንግዶቹ ይህን ያህል ካልኩ ይበቃኛል። እኔ ዛሬ የመጣሁት ስለ ቤተኞቹ ልናገር ነው።

ሁላችንም «እንደ መስቀል ወፍ ጠፋህ» እየተባባልን አድገናል። የመስቀል ወፍና የአደይ አበባ ቀጠሮ አላቸው ይባላል። መስከረም ሲጠባ ብቅ ትላለች፣ ከዚያ የት እንደምትገባ አይታወቅም። በእኛ አካባቢ የመስቀል ወፍ የምንለውን ዓመቱን ሙሉ ተከታተሉት። ወንዱ ክረምት ሲገባ ቡናማ ላባውን ይጥልና ጥቁር ከቀይ ወይም ጥቁር ከቢጫ ይለብሳል። ሴት ፍለጋ ነው እንዲያ የሚያጌጠው። ወቅቱ ሲያልፍ ጌጡን አውልቆ ሴቷን ይመስላል። ከሌሎች ቡናማ ወፎች ጋር ተቀላቅሎ አውድማው ዳር ይለቅማል። የትም አልሄደም። ጥር ላይም አጥራችን ላይ ነበር፤ ልብ ያለው ግን የለም።

ወፍ ማየት የፈረንጅ ሥራ ነው የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ሐይቁ ዳር ትልቅ መነጽር በሦስት እግር አቁመው የሚውሉትን እያየ ነው። ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ ማሽላ የጠበቀ የገጠር ልጅ ግን የትኛዋ ወፍ በስንት ሰዓት እንደምትመጣ፣ የትኛዋ በመንጋ እንደምትወርድ፣ የትኛዋ ትል ብቻ ለቅማ እንደምትሄድ አሳምሮ ያውቃል። ከእናንተ መካከል ማማ ላይ ያደገ አለ። እጁን ያውጣ! ተመልከቱ፣ ስንት ናችሁ! ይህን እውቀት ከተማ ስንገባ ለምን በር ላይ ጥለነው እንደምንገባ አይገባኝም።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ።

አንድ ግቢ አለ። ብዙዎቻችሁ የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ስሙን አልጠራውም። እዚያ ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ ግራር ነበር፣ ቅርንጫፉ ወደ መኪና ማቆሚያው ያጋደለ። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎጆ ሠሪዎቹ ቢጫ ወፎች ይሰፍሩበት ነበር። ተማሪዎቼን ይዤ ከሥሩ እቆም ነበር። ዛሬ እዚህ የተቀመጡ አንዳንድ ወላጆች ያኔ ተማሪዎቼ ነበሩ፤ ይመሰክራሉ።

ወንዱ አንዲት ረጅም እርጥብ የሣር ቅጠል በምንቃሩ ይዞ ይመጣል። የቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ይቋጥራታል። ሌላ ያመጣል፣ ሌላ ያመጣል፣ መጀመሪያ ቀለበት ይሠራል። ከዚያ ቀለበቱ ላይ ቆሞ ምንቃሩ በደረሰበት ልክ ዙሪያውን ይጠልፋል። የጎጆው ስፋት የራሱ ቁመት ነው ማለት ነው። ሲጨርስ ከመግቢያው ሥር ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገበገበ ይጮሃል። ሴቷ ትመጣለች። ትገባለች፣ ከውስጥ ጎተት ጎተት አድርጋ ትፈትሻለች፣ ትወጣለች። ጎጆው አረንጓዴ ከሆነ ተስፋ አለው። ደርቆ ከቆየ ዞር ብላም አታየው። ያኔ ወንዱ የገዛ ሥራውን ፈታትቶ መሬት ላይ ይጥልና ከቀለበቱ እንደገና ይጀምራል። አንዷ ተማሪዬ ይህን አይታ «ቲቸር፣ ቤቱን አፈረሰው እኮ!» ብላ ስትጮህ ክፍሉ ሁሉ ወደ ላይ አንጋጠጠ። ከዚያ በኋላ የደወል ድምፅ የሰማ ልጅ አልነበረም። ብዙ ዓመት ሳስተምር እንደዚያ ቀን የተዋጣ የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ አላስታውስም። ጠመኔም ሰሌዳም አልነበረኝም።

አንድ ነሐሴ ላይ እንግዳ ይመጣል ተባለ። ግቢው ይዋብ ተባለ። ወፎቹ መኪና ላይ ኩስ ይጥላሉ፣ ይንጫጫሉ፣ ግቢ ያቆሽሻሉ ተባለ። መጋዝ መጣ። ግራሩ ከነጎጆው ወደቀ። ጎጆዎቹ ባዶ አልነበሩም። ዓይኑን ያልገለጠ፣ ላባ ያላወጣ ጫጩት ጭቃው ላይ ተበትኖ ነበር። ወላጆቹ ዛፉ በነበረበት ባዶ አየር ላይ ሲዞሩ ዋሉ። የጥበቃ ሠራተኛው «ምን ላድርግ፣ ትእዛዝ ነው» አለኝ። በእሱ አልፈርድም። ዛሬ ቦታው ቴራዞ ነው። ሁለት የሲሚንቶ ማሰሮ ተቀምጦበታል፣ ውስጡ ያለው አበባ ፕላስቲክ ነው።

መኪና ይታጠባል! በአንድ ባልዲ ውሃ ይታጠባል! ያን ግራር ያህል ዛፍ ግን በባልዲ ውሃ አይመለስም። ማስወገድ የግድ ቢሆን እንኳ እስከ ኅዳር መታገስ፣ ጫጩቶቹ እስኪበሩ መጠበቅ ያቅታል? ክረምት ለወፍ የመውለጃ ወቅት መሆኑን የጎጃም ሰው አያውቅም እንዳትሉኝ። በክረምት ዛፍ የሚተክል ሕዝብ በዚያው ክረምት ወፍ የወለደችበትን ዛፍ ሲቆርጥ ዝም ብዬ አላይም። ይህን ለመናገር ነው ወረቀት ይዤ የቆምኩት።

ነገሩ አንድ ግቢ ብቻ ቢሆን ኖሮ አዝኜ እተወው ነበር። ግን በየሰፈሩ ያው ነው። አጥር የምናደርገውን ቁጥቋጦ፣ ሰንሰልን የማያውቅ ጎጃሜ የለም። ቅርንጫፉን ቆርጠህ ብትሰካው ይጸድቃል፣ ከብት አይደፍረውም፣ ነጭ አበባውን ንብ ትወደዋለች። ምንቃራቸው ቀጭንና ጎባጣ የሆኑት አበባ መጣጮችም ይወዱታል። ፀሐይ ስታገኘው ወንዱ እንደ ጥቁር ሐር ጨርቅ አንዴ ሰማያዊ፣ አንዴ ወይን ጠጅ ይሆናል። ከእነሱ አንዱን ሳይንሱ በወንዛችን በተከዜ ስም ነው የሚጠራው። ዛሬ ሰንሰሉ እየተነቀለ ብሎኬት ይቆማል። መሬቱ ኮብልስቶን ይለብሳል። የቀረችው ጥግ በውጭ ሣር ትሸፈንና ፀረ ተባይ ይረጭባታል። ጥሬ የሚለቅሙት ወፎች እንኳ ብዙዎቹ ጫጩታቸውን በትልና በነፍሳት ነው የሚያሳድጉት። አበባ መጣጯም ለልጆቿ ሸረሪት ታድናለች። ነፍሳቱን ሁሉ ገድለን ስናበቃ ወፍ የት ሄደች ብለን እንጠይቃለን።

ሰፈሬ ውስጥ አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው ከአዲስ አበባ መጥቶ «እማዬ፣ ይህን ቁጥቋጦ እናንሳውና በብሎኬት ልጠርልሽ» አላቸው። «እኔ ታዲያ ቀኑን ከማን ጋር ልዋል?» አሉት። አጥሩ እስከ ዛሬ ሰንሰልና ቀጋ ነው። ከሥሩ የተሸረፈ ገበቴ አለ፣ ጠዋት ጠዋት ውሃውን ይቀይሩለታል። ጤፍ ሲያበጥሩ ቀያዮቹ ትንንሾቹ ወፎች እግራቸው ድረስ ይመጣሉ። መነጽር የላቸውም። የትኛዋ ወፍ ከየትኛዋ እንደምትጣላ፣ የትኛዋ ዘንድሮ እንዳልመጣች ግን ይነግሯችኋል። ወፍ ማየት ይህ ነው።

አያቶቻችን የቤተ ክርስቲያኑን አጸድ ባይጠብቁልን ኖሮ በብዙው ደጋ አገራችን ወይራና ጽድ የት እናይ ነበር? ከአንዱ አጸድ ወደ ሌላው የምትበር ወፍ መካከል ላይ ማረፊያ ትፈልጋለች። ያ ማረፊያ የእናንተ አጥር ነው። ባሕር ዛፍ ገንዘብ ነው፣ በዚያ አልከራከርም። አንድ ዋንዛ፣ አንድ ሾላ፣ አንድ ኮርች ከጥግ ቢተከል ግን የሚጎዳው የለም። ሾላው ሲያፈራ ግንባሩ ቀይ የሆነው አረንጓዴ ትንሽ በቀቀን ይመጣል። ያ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የለም። በሌላ አገር ሰው እሱን ለማየት ብሎ የአውሮፕላን ትኬት ይቆርጣል። እኛ ከሾላው ሥር በነጻ እናየዋለን።

ስለ ጥንብ አንሳ ብዙ ማለት እችል ነበር፣ ሰዓቱ አይበቃም። ቄራ አካባቢ የምናያት ትንሿ ቡናማ ጥንብ አንሳ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ደረጃ ከመጥፋት አፋፍ ላይ ናቸው ከተባሉት ተርታ ገብታለች። ለጅብና ለውሻ ተብሎ የሚጣል መርዝ እሷንም ይገድላታል። እባካችሁ መርዝ አትጣሉ።

ወፍ ለማየት ጉዞ ለሚመዘገቡ ተማሪዎች ደግሞ አጭር ነገር ልበል። ርቆ መሄድ ሁልጊዜ አይቻልም፣ የመንገዱን ነገር እናንተው ታውቁታላችሁ። ዘጌ ባይመች የዓባይ መውጫ አለ፣ ሐይቁ ዳር ደንገሉ አለ፣ የገዛ ግቢያችሁ አለ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ውጡ። ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጉ። ደማቅ ልብስ አትልበሱ። ጎጆ ካያችሁ አትጠጉ፣ ለፎቶ ብላችሁ ቅጠል አትግለጡ። ደብተር ያዙ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ያያችሁትን ጻፉ። ስሟን ካላወቃችሁ ምንቃሯንና የእግሯን ቀለም ሳሉ። ስልክ ያለው ኢበርድ በሚባለው የወፍ መመዝገቢያ መተግበሪያ ላይ ይመዝግብ፣ በነጻ ነው።

ከየመሥሪያ ቤቱ ለመጣችሁ እንግዶች አንድ ጥያቄ አለኝ። ከሰኔ እስከ ጥቅምት መጨረሻ በግቢያችሁ ዛፍ አይቆረጥ፣ አጥር አይመንጠር። በጀት አይጠይቅም። አንድ ገጽ ማስታወሻ ጽፎ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ነው። የደብዳቤውን ረቂቅ አዘጋጅቼ ይዤ መጥቻለሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ከተማሪዎቹ ትቀበላላችሁ። በሩ አጠገብ ደግሞ የሰንሰል ቁራጭና የኮርች ችግኝ አለ። ባዶ እጃችሁን እንዳትወጡ።

አመሰግናለሁ።